ለልጆቻችን አንድ ቁልቁለት ስጡልን

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር፣ የወጣቶችና የስፖርት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ መምህራን፣ እንዲሁም ለከተማዬ ሰዎች በሙሉ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ አናጺ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ በርጩማ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ስሠራ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ቁልቁለት ነው።

ጅሬን በኩል፣ እንግዳ ሲመጣብን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናሳይ በምንወጣበት አቅጣጫ፣ አስፋልቱ ጥሩ የሆነበት አንድ ቁልቁለት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ብታልፉ ልጆች ታያላችሁ። አንዳንዴ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥራ አራት ይሆናሉ። ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ቆመው ቁልቁል ይለቁታል። አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ከዳር ሆነው "ጀባዹ! ጀባዹ!" (በርታ! በርታ!) ይሉታል። ከታች መታጠፊያው ላይ ደግሞ ባጃጅ ሲመጣ የሚያፏጭ አንድ ልጅ ያቆማሉ።

ጣውላዎቹን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባቸው እጄ አለበት። እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው፦ ከመኪና የራቀ፣ ሊሾ የሆነ፣ ተዳፋት ያለው ቦታ ለልጆቹ ይሰጣቸው።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ። የካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ነው የሚኖረው፤ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ኳስ ብዙም አይሆንለትም። ሰፈር ውስጥ ቡድን ሲመራረጡ መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነበር። አንድ ቀን የዲሽ ቻናል ሲቀያይር ቤጂንግ ላይ የሚካሄደውን የክረምት ኦሎምፒክ አገኘ። ሰዎች ሁለት እግራቸውን አንድ ሰሌዳ ላይ አስረው በረዶ ላይ ሲከንፉ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ስኖውቦርድ ብቻ ነው።

እናቴ በረዶ ሲባል የምታውቀው ቆርቆሮ ላይ የሚንጫጫውን ነው። ጓሮ ያለውን ጎመን የሚበሳሳውን፣ የቡና አበባ የሚያረግፈውን። "እሱ ላይ ሰው እንዴት ይቆማል?" ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው። እኛ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚያርፈውንም በረዶ ነው የምንለው። አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ ዛሬ ከመጽሐፍ ውጭ ብዙም አይሰማም። ልጁ አያቱን አጠገቡ አስቀምጦ አሳያት። ብዙ ቆይታ "ነጠላ የተዘረጋበት ነው የሚመስለው" አለች።

ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም የእነሱ ጠዋት የእኛ ሌሊት ነው። ዓርብ የካቲት 4 ገና ሳይነጋ ልጁ ቀሰቀሰኝ። "ጋሼ፣ ተነሳ፣ የወንዶቹ ፍጻሜ ሊጀምር ነው።" ብርድ ልብስ ተከናንበን ተቀመጥን።

ውድድሩ ሃፍፓይፕ ይባላል። አንድ ትልቅ ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ተዳፋት ላይ ብታጋድሙት ይመስላል። የሚሠራው ከበረዶ ነው። የግድግዳው ከፍታ 7 ሜትር ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። ተወዳዳሪው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተወነጨፈ ይወርዳል፤ ጫፍ በደረሰ ቁጥር አየር ላይ ወጥቶ ይሽከረከራል። ስድስት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተሰርዞ የአራቱ አማካይ ይያዛል። ፍጻሜ ላይ ሦስት ዕድል አለ፤ ከሦስቱ የሚሻለው ይቆጠራል።

አዩሙ ሂራኖ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ኦሎምፒኮች ብር ነው ያገኘው። በሁለተኛው ዙር ትሪፕል ኮርክ 1440 የሚባለውን ሠርቶ እስከ መጨረሻው ሳይወድቅ ወረደ። አየር ላይ አራት ሙሉ ዙር እየዞሩ ሦስት ጊዜ መገልበጥ ማለት ነው። ዳኞቹ 91.75 ሰጡት። አውስትራሊያዊው ስኮቲ ጄምስ በ92.50 እየመራ ነበር። ተመልካቹ ጮኸ። የእህቴ ልጅ አለቀሰ። እኔም፣ ከዚያ ሌሊት በፊት ስሙን ሰምቼው ለማላውቅ ሰው፣ ሆዴ ተቃጠለ።

ሂራኖ ተመልሶ ወጣ። ያንኑ፣ አንድ በአንድ፣ ይበልጥ አሳምሮ ደገመው። 96.00። ወርቁ የእሱ ሆነ።

ስናጠፋው ነግቶ ነበር። ልጁ ምንም አላለኝም። ማታ ከሥራ ስመለስ ግን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ጋሼ፣ ቦርድ ሥራልኝ።"

እኔ የማውቀው እንጨት ነው። ስለዚህ በስልኬ ስኖውቦርድ ከምን እንደሚሠራ ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር በጣም ገረመኝ። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ፣ ያ ሁሉ ብራንድ፣ መሀሉ ጣውላ ነው! ቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች ጎን ለጎን በማጣበቂያ ይያያዛሉ። ቃጫቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመት እንዲሄድ ይደረጋል። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ይለብሳሉ። ከሥር የሚንሸራተት ፕላስቲክ፣ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ብረት ይገባል። ከዚያ ሁሉም በሙቀት አንድ ላይ ይጨመቃል። ፖፕላርና ቢች የሚባሉ እንጨቶችን ይጠቀማሉ። ቀርከሃም ይጠቀማሉ። ቀርከሃ! እኛ አጥር የምናጥርበት። የሚፈለገው እንጨት ክብደት የሌለው፣ ግን ሲታጠፍ ሳይሰበር ተመልሶ የሚቃና ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት በእጁ ዳስሶ ብቻ የሚለይ ስንት አናጺ ጅማ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያውን ከዋንዛ ሠራሁት። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ ሁሉ እኔም ከአንድ ጣውላ አወጣሁት። ስለዚህም ከበደ። ልጁ ይዞት ዳገት መውጣት አልቻለም። ሁለተኛውን ከኮምፔልሳቶ ሠራሁ። ስስ ስሱን መርጬ፣ ኮላ እየቀባሁ ደራረብኩት። ጎንበስ ያለ ቅርጽ እንዲይዝ በሁለት ግንድ መሀል አድርጌ በሞርሳ አጥብቄ ሦስት ቀን ተውኩት። የስኬትቦርድ ጣውላም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰባት ስስ የሜፕል ሉሆች ተጣብቀው ይጨመቃሉ። የብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ስጨርስ ልጁ ጉንጩን አስጠጋበት።

በረዶ ስለሌለ ጎማ ያስፈልጋል። ልጅ ሆነን የኩሽኔታ ጋሪ ያልነዳ የለም። ጋራዥ ሄጄ ያረጀ ኩሽኔታ ለምኜ ገጠምኩለት። ግን ብረት ነው፤ አስፋልት ላይ ያንኳኳል፣ ቁልቁለት ላይ ያመልጣል። በኋላ አንድ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ወዳጄ ያገለገሉ የስኬትቦርድ ጎማዎች አፈላልጎ አመጣልኝ። የልጁ ጓደኞች አዩ። ከዚያ የጓደኞቹ ጓደኞች መጡ። አሁን 14 ቦርድ አለ። አምስቱ የሴት ልጆች ናቸው።

ከሁሉም ጎበዟ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ 13 ዓመቷ ነው። ሳትወድቅ የዋለችበት ቀን የለም፣ ወድቃ የቀረችበትም ቀን የለም። ደጋግማ ንገረኝ የምትለኝ የሊንዚ ጃኮቤሊስን ታሪክ ነው። ይህች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ስኖውቦርድ ክሮስ በሚባለው እሽቅድምድም ፍጻሜ ላይ ብቻዋን እየመራች ነበር። ተከታዮቿ ሩቅ ናቸው። መጨረሻው ሊደርስ ሲል ስትዘል ለማሳመር ቦርዷን በእጇ ያዝ አደረገች። ስታርፍ ወደቀች። ስዊዘርላንዳዊቷ ታንያ ፍሪደን አልፋት ወርቁን ወሰደች፤ ሊንዚ ብር ቀረላት። ከዚያ በኋላ ዓመት እየመጣ ሲሄድ የዓለም ሻምፒዮናውን ብዙ ጊዜ አሸነፈች። ኦሎምፒክ ላይ ግን ወርቁ አልመጣም። በመጨረሻ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ36 ዓመቷ፣ ቤጂንግ ላይ አገኘችው። የጎረቤቴ ልጅ ይህን በሰማች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፦ "እኔ ገና ሳልወለድ ጀምራ!"

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት ዝናብ ሊገባ ሲል አንድ የ12 ዓመት ልጅ እየወረደ ሳለ ከታች ጭነት መኪና መጣ። ፉጨቱን አልሰማም። መኪናውን ሊሸሽ ሲጠመዘዝ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰዱት፤ አልሆን ሲል ሐኪም ቤት ጀሶ ተደረገለት። ዛሬ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን የእናቱን ፊት እየፈራሁ ሁለት ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ጣውላህን ውሰድ ልልህ አልመጣሁም" አለችኝ። "ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱ ሲበራ ያየሁት በዚህ ነው። የሚነዳበት ቦታ ፈልግለት።"

ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሷ ናት።

ቦታ ለመጠየቅ ከሦስት ወላጆች ጋር አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። በትሕትና ነው የተቀበሉን፤ ሻይም ጋበዙን። መልሳቸው ግን "ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ደግሞ በረዶ የለም" የሚል ነበር። ሁለቱንም ነገር ቤቴ ሆኜ ብዙ አሰብኩበት። መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ስኖውቦርድ በተወለደበት አገርም የባዕድ ጨዋታ ነበር። የውጭዎቹን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1965 በገና ቀን ሚሺጋን ግዛት፣ መስኪገን በምትባል ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የሚባል አባት ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ፈለገ። ሁለት የበረዶ መንሸራተቻዎች ጎን ለጎን አያያዘና እንዲቆሙበት ሰጣቸው። በቃ፣ መነሻው ይኸው ነው። አንድ አባት፣ ሁለት ጣውላ። ስነርፈር ተባለና ገበያ ወጣ። በ1977 ደግሞ ጄክ በርተን ካርፔንተር የሚባል ወጣት ቬርሞንት ውስጥ በራሱ እጅ ቦርድ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ካርፔንተር በእነሱ ቋንቋ አናጺ ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ታዲያ የዚያን ጊዜ አብዛኞቹ የአሜሪካ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች ስኖውቦርድ ይዞ የመጣን ልጅ አናስገባም ይሉ ነበር። አደገኛ ነው፣ ሥርዓት የለውም፣ ስፖርት አይደለም ተባለ። እስከ ዛሬ የማያስገቡ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱ ዩታ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ቬርሞንት። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ራሱ የተቀበለው በ1990ዎቹ ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ1996 ነው፤ ኦስትሪያ፣ ሊየንትስ ላይ። በሁለተኛው ዓመት፣ 1998፣ ናጋኖ ኦሎምፒክ ገባ። ያኔ እንኳ ከዓለም አንደኛ ይባል የነበረው ኖርዌያዊው ቴርየ ሃኮንሰን ሳይሄድ ቀረ፤ ለዓመታት የገፉን ሰዎች ዛሬ ጌታ ሊሆኑብን አይገባም ብሎ። ከዚያ ወዲህ ስኖውቦርድ ክሮስ፣ ስሎፕስታይል (በብረትና በመዝለያ ላይ እያለፉ ስልት የሚያሳዩበት) እና ቢግ ኤር (ከአንድ ትልቅ መዝለያ ተወንጭፈው አየር ላይ የሚሽከረከሩበት) ተጨመሩ። የዓለም ሻምፒዮናው በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በ2023 ጆርጂያ ውስጥ ባኩሪያኒ ላይ በተካሄደው፣ የወንዶቹን ሃፍፓይፕ ያሸነፈው ደቡብ ኮሪያዊው ሊ ቼ-ኡን 16 ዓመቱ ነበር። የሴቶቹን ስሎፕስታይል ያሸነፈችው እንግሊዛዊቷ ሚያ ብሩክስም 16 ዓመቷ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ማለት ናቸው።

ከአባት መጫወቻ እስከ ኦሎምፒክ 33 ዓመት ነው የፈጀው። እግር ኳስም እኮ አንድ ቀን ወደዚህች ከተማ እንግዳ ሆኖ ገብቷል። 2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊጉን ሲወስድ ግን የባዕድ ጨዋታ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ።

"በረዶ የለም" የሚለው ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ጅማ ዝናብ እንጂ የሚንሸራተቱበት በረዶ አታውቅም። ግን ስኖውቦርደኞቹ ራሳቸው የት እንደሚያድጉ ስመለከት ሌላ ነገር አየሁ።

ያ ያስለቀሰን ሂራኖ ያደገው ጃፓን ውስጥ ሙራካሚ በምትባል የባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የስኬትቦርድ ሜዳ ነበረው። ልጁ በ4 ዓመቱ እዚያ ጀመረ። ትልቅ ሰው ሆኖም ስኬትቦርዱን አልተወም። በ2021 በቶኪዮ የበጋ ኦሎምፒክ በስኬትቦርድ ተወዳደረ፤ ከስድስት ወር በኋላ ቤጂንግ ላይ በበረዶ ወርቅ ወሰደ። ሰውነቱ ላይ ያለው ሚዛን አንድ ነው። ጉልበት ማጠፍ፣ ትከሻን ማዞር፣ ስትወድቅ እንዴት እንደምትወድቅ ማወቅ፣ ሁሉም ሲሚንቶ ላይ ይለመዳል። አሜሪካዊው ሾን ኋይትም፣ ሃፍፓይፕን ሦስት ጊዜ በወርቅ የጨረሰው፣ በስኬትቦርድም ባለሙያ ተወዳዳሪ ነበር።

እንግሊዛዊቷን ጄኒ ጆንስንም አስቡ። አገሯ ትልልቅ የበረዶ ተራሮች የሏትም። የጀመረችው ግሎስተር አጠገብ ባለ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ ነው። እንደ ብሩሽ የቆመ ፕላስቲክ ተዳፋት ላይ ይነጠፋል፤ እንዲያንሸራትት ውኃ ይረጩበታል። (ውኃ መርጨት ከሆነ ጅማን ሰማዩ ያግዛታል።) ከዚያ የተነሳችው ጄኒ በ2014 ሶቺ ላይ በ33 ዓመቷ ነሐስ አገኘች። ለብሪታንያ በበረዶ ላይ የተገኘ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነበር። ዴንማርክ ደግሞ ሜዳማ አገር ናት። ኮፐንሃገን ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ሠሩና ጣሪያውን ተዳፋት አድርገው በ2019 ለመንሸራተቻ ከፈቱት። ሰዎች ፋብሪካ አናት ላይ ይንሸራተታሉ።

ቤጂንግስ? ያ ልጁን ያፈዘዘው ነጭ ተራራ በረዶው ከሞላ ጎደል ሁሉም በማሽን የተሠራ ነበር። ቢግ ኤር የተባለው ውድድር የተካሄደው ደግሞ በተዘጋ የብረታ ብረት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው። ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር። ጅማ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት፣ ላም የሚግጥበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ተዳፋት ቦታ ጠፍቶ ነው?

የእኛም ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ያውቃል። ብዙ ሰው አይሰማውም እንጂ፣ በ2006 ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባ ሰው አለ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነበር። የተወዳደረው አገር አቋራጭ የበረዶ ሩጫ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ መጣ። ከእሱ በፊት በ1998 ናጋኖ፣ ስኖውቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት ኦሎምፒክ፣ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት 10 ኪሎ ሜትሩን ከሁሉም መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ይህን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻ የወጣውን ልጅ ተሰብስበው ያቅፉታል።

ሜዳልያ እናመጣለን ብዬ ቃል አልገባላችሁም። እዚያ ለመድረስ ተራራ፣ አሠልጣኝ፣ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህን አውቃለሁ። የምጠይቀው ለመጀመሪያው እርምጃ ነው። አዲስ አበባ ይህን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሽሮ ሜዳ አካባቢ ልጆቹና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች አብረው በገዛ እጃቸው የስኬትቦርድ ሜዳ ሠርተዋል። የጅማ ልጆች ቪዲዮውን በስልክ ያዩታል። "እኛስ መቼ?" ይሉኛል።

ስለዚህ የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። ቦታው ትልቅ መሆን የለበትም፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ያህል ይበቃናል። ተዳፋት ቢሆን ይሻላል፤ ለግንባታ አይመችም ተብሎ የተተወ ቢሆን ግድ የለንም፣ እንዲያውም እሱ ነው የሚጠቅመን። ውኃው የሚወርድበት ቦይ ከጅምሩ ይታሰብበት። እዚህ የሚዘንበውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ቦይ የሌለው ሊሾ በሁለት ክረምት ይሰነጣጠቃል። ከላይኛው ጫፍ ወላጅ ተቀምጦ የሚያይበት ጥላ ቢኖር ደስ ይለናል። አንዲት እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ በቆሎ እየጠበሱ ልጆቹን የሚጠብቁልን አሉ፤ ለእሳቸውም መቀመጫ ይሆናል።

ሲሚንቶ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሸክሙን እናንተ ላይ ብቻ አልጥልም። የኮንክሪቱን ቅርጽ የሚይዘውን ጣውላ እኔና አራት አናጺ ጓደኞቼ በነጻ እንሠራለን። ወላጆች አሸዋና ጠጠር ለማዋጣት ተስማምተዋል። ሁለት የባጃጅ ልጆች ዕቃ እናመላልሳለን ብለዋል። አንድ የብየዳ ባለሙያ የእጅ መያዣ ብረቱን እበይዳለሁ ብሏል። የቀረን መሬቱና ፈቃዱ ነው።

የስፖርት ሳይንስ መምህራንን የምለምነው ሌላ ነገር ነው። እኔ ቦርድ መሥራት እንጂ ልጅ ማሠልጠን አልተማርኩም። አንድ ተማሪያችሁ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ አወዳደቅ ቢያስተምርልን፣ ሰውነት ማፍታታት ቢያሳያቸው፣ ስብራትና ወለምታ ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት ለወላጆች ቢነግርልን ትልቅ ነገር ነው። ሄልሜትም ያስፈልገናል። አሁን ያሉን ሦስት የሞተር ሄልሜቶች ናቸው፤ ለልጅ ጭንቅላት ይሰፋሉ፣ ውስጣቸውን በስፖንጅ እንሞላለን። የተሻለ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ምክሩን እንፈልጋለን።

የከተማዬ ሰዎች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ጅሬን በኩል ስትነዱ እባካችሁ ቀስ በሉ። በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት። መንገድ ላይ ልጅ ስታዩ "ባለጌ" ብላችሁ አትስደቧቸው። መንገዱ ላይ ያሉት ቦታ ስላጡ ነው። ቦታው እስኪገኝ ድረስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ መኪና ሳይበዛ እንዲነዱ ለማድረግ ከወላጆች ጋር እየተነጋገርን ነው።

ደግሞ ልጆቹ የራሳቸውን ሻምፒዮና አስበዋል። ቦታ ከተገኘ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ። ዳኞቹ ስድስት ይሆናሉ፤ ልክ እንደ ትልቁ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ይሰረዛል። ሕጉን ራሳቸው ደብተር ላይ ጽፈውታል። አንዱ አንቀጽ "የወደቀ ሰው ከፈለገ እንደገና ይወርዳል" ይላል። ከኦሎምፒኩ ሕግ ጋር አይሄድም፤ እኔ ግን አልሰረዝኩትም። ሽልማቱን እኔ እየሠራሁ ነው። ከዋንዛ፣ ባለ ሦስት እግር ትንሽ በርጩማ። የመጀመሪያው ቦርድ ከተቆረጠበት ጣውላ የተረፈ ነው።

ከስድስቱ ዳኞች ሁለቱን ወንበር ለእናንተ ትተነዋል። አንዱ ለአስተዳደሩ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ ጅሬን ውጡና እዩን። የእህቴ ልጅ 15 ሊሞላው ነው፤ ከታች ሆኖ የሚያፏጨው አሁን እሱ ነው። ታናናሾቹ እንዳይጎዱ ብሎ የራሱን ተራ ትቷል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጅማ አናጺ